ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት

አርብ ነው። ኔቲቮት። ሰዓቱ ስምንት፤
የጋራዡ ቆርቆሮ እሳት ሲተፋበት፣
የጋሼ ይስማው አሮጌው አይሱዙ
ካሮት እንደ ጫነ ገባ ከነመዘዙ።

«ያው ናት» አለኝ ወርዶ፣ «ያቺው ቢጫ መጣች፤
አጥፍተሻት ነበር፣ ዳገቱ ላይ ነቃች።»

መሣሪያውን ሰካሁ፤ ጥቂት አንገራግሮ
ተፋልኝ ያንኑ፣ ያለፈውን ቆጥሮ፦
ፒ፣ ዜሮ፣
ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት።

ሲተረጎም፦
ክራንኩ ሲዞር የሚያየው ዓይን ምልክቱ ጠፋ።
ዓይኑ ታውሮ ይሁን፣
እያየ ሰሚ አጥቶ ይሁን፣
ቁጥሩ አይናገርም።

በጥቅምት ቀየርነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ሸቅል።
በጥር ቀየርነው። ያው ዋጋ።
ከፋሲካ በፊት ደግሞ ሦስተኛውን።
አሚራም አለቃዬ ምርመራ አያበዛ፤
ቁጥሩ ሴንሰር ካለ፣ ሌላ ሴንሰር ይግዛ!
«መልእክተኛ አይታሰር፣ አይከሰስ» እያልን
ወሬ ያመጣውን ነቅለን ነቅለን ጣልን፤
ሦስቱም ተደርድረው፣ ዘይት እንደ ቀባቸው፣
የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሆነ ቤታቸው።

ጋሼ ይስማው ግን፣ ስሙ እንደሚለው፣
ጆሮ ነው።
«ስሚ ልጄ» አለኝ፣ «ቁጥር አላውቅበት፤
ግን ጧት ጧት አትመጣም፤ ባዶ ስሆን የለችበት።
ሲሞቅ ነው፤ ሲጭን ነው፤ ከእርሻው መውጫ በር
ጉብታዋን ዘሎ አስፋልት ሲጀምር።»

ሲሞቅ። ሲጭን። ሲዘል።
ወረቀት አጥቼ ክንዴ ላይ ጻፍኩት።

አሚራም መዝጊያውን እስከ ወገብ አወረደው፦
«ሰንበት ልትገባ ነው፤ ለእሑድ ይደር ተይው።»
«ካሮቱስ?» አልኩት። መልስ የለም።

ሽቦውን ዳበስኩት ከጫፍ እስከ ጫፉ፤
አልተላጠም ልብሱ፣ አልላላም እጥፉ።
ሶኬቱን ከፈትኩት፤ ፒኖቹ ነጭ ናቸው፤
ዝገት የለ፣ ውኃ የለ፣ ምንም አልነካቸው።
ታዲያ ምን ቀረኝ? አንድ የማንጠይቀው፣
ሁሉ የቆመበት፣ ማንም የማያየው።

የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣
ቀዩን የሞተሩ ገላ ላይ ተጭኜ
«አስነሣው ጋሼ!» አልኩ።
ዜሮ ሊሆን ምንም ያልቀረው መሆን ሲገባው
አንድ ነጥብ ሁለት ቮልት።

መሬት!
ከሞተር ወደ ሻሲ የሚሻገር ሽቦ፣
ከሞተሪኖው ጀርባ፣ በጭቃ ተከቦ፣
ብሎኑ አረንጓዴ፣ ከቤቱ ተፈትቶ፣
ጥቂት ክር ቀርቶታል፣ ሌላው ተበልቶ።
ሴንሰሩ ምን ያድርግ፣ መሬቱ ሲከዳው?
እውነቱን ቢናገር ማን ሰምቶ ሊረዳው!

«መሬት ነው?» አለና ጋሼ ይስማው ሳቀ፤
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእግሬ ሥር እየለቀቀ
እኔም እንዲሁ ነኝ። የእኔስ ብሎን የለው።»
የምለው ጠፋኝና ቁልፍ አስራ ሦስት አቀብለኝ አልኩት።

ፋቅሁት በብሩሽ፣ መዳቡ እስኪስቅ ድረስ፤
አዲስ ሽቦ ቆረጥኩ፤ አጠበቅኩት እንደ ጥርስ።
ካሮቱን ይዞ ሄደ። ጉብታዋን እሱ ይወቅ።

እሑድ በጧት፣ ጋራዡ ሳይከፈት፣
ሦስቱን ከጣሳው አውጥቼ አጠብኳቸው።
ለካኋቸው አንድ በአንድ።
ደህና። ደህና። ደህና።
ስምንት መቶ አርባ ሸቅል፣
በአንድ የላላ ብሎን።

ጋሼ መጣ፤ ቢጫዋ የለችም።
ነገርኩት፣ አሚራም እየሰማ።
አሚራም የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ።
ጋሼ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ
«እሷስ መናገሯን ተናግራ ነበር» አለ፣
እኔን ሳይሆን ዳሽቦርዱን እያየ።

ጣሳውን አንሥቶ ከወንበሩ ሥር አኖረው።
ምን እንደሚያደርግበት አልጠየቅሁትም።